የቀለበቱ ቁመት

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ቆቦ የሚጓዝ መንገደኛ ሮቢት ከመድረሱ በፊት ጎብዬን ያገኛታል። በስተምዕራብ የደጋው ተራራ፣ በስተምሥራቅ የዞብል ሰንሰለት ቆመው ሲተያዩ፣ በመካከላቸው የተዘረጋው ሜዳ የማሽላ አገር ነው። ክረምቱ ሰምሮ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ባደገበት ዓመት፣ ከአስፋልቱ ዳር ቆሞ ለሚመለከት እንግዳ ሰዉም ከብቱም ጎጆውም በአዝመራው ውስጥ ይሰወርበታል። ከአዝመራው በላይ ብቅ ብለው የሚታዩት የወፍ ጠባቂዎች ማማዎች ናቸው። በየማማው ላይ ወንጭፍ የያዙ ልጆች ቆመው ከማለዳ እስከ ምሽት ይጮኻሉ፤ ይወነጭፋሉ። ስለ ቅርጫት ኳስ ለማሰብ የተገደድሁት ከእነዚህ ልጆች በአንዱ ምክንያት ነው።

አንባቢ፣ «ቅርጫት ኳስንና ጎብዬን ምን አገናኛቸው?» ሊል ይችላል። ጥያቄው አግባብ አለው። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት በዚህ አካባቢ በመምህርነት ሥራ ስጀምር የተመደብሁት አማርኛ ለማስተማር ነበር። ነገር ግን የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ባለመኖሩና የክፍለ ጊዜ ድርሻዬም ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ በመገኘቱ፣ የስፖርቱ ትምህርት በእኔ ላይ ተደረበ። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጥግ አንድ የቅርጫት ኳስ አገኘን፤ ቀለሙ ለቅቆ ነበር እንጂ ነፋስ ይይዛል። ሰሌዳም፣ ቀለበትም፣ መረብም አልነበረም። ከግንባታ የተረፈ ፌሮ ይዤ ወደ ብረት ሠሪው ሄድሁና ቀለበት አስጠቀለልሁ፤ ከተሰበሩ ወንበሮች ጣውላ ሰሌዳ አበጀን፤ ምሰሶውን ከባሕር ዛፍ ግንድ አቆምን። ቁመቱን የለካሁት በዓይኔ ነው። መሰላል ላይ ወጥቶ ምስማር ለሚመታው ተማሪ «በቃ፤ እዚያው ላይ ምታው!» ያልሁት እኔ ነኝ። ይህችን ቃል አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

ልጁ ያን ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፤ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ ብዙ ርቆ ያበቃል፤ ጓደኞቹም «አገዳው» ይሉታል። በመጀመሪያው ቀን ኳሱን ተቀብሎ ጥቂት አገላበጠውና ሳያነጥር፣ ሳይዘል፣ ከቆመበት ወረወረው። ገባ። ሁለተኛውም ገባ። ከዐሥሩ ሰባቱ ገቡ።

«ይህን የት ተማርኸው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ወፍ ስጠብቅ ነው፣ መምህር» አለ።

ነገሩን ሳስበው እውነት ነበረው። ወንጭፍ የሚወረውር ልጅ ርቀትን በዓይኑ መመጠን፣ ድንጋዩን የሚለቅበትንም ቅጽበት በክንዱ ማወቅ አለበት። ድንጋዩ ቢያጥር የራሱን አዝመራ ይሰብራል፤ ቢረዝም ወፏ እንደ በላች ትቀራለች። ይህ ልጅ ስድስት ወይም ሰባት የአዝመራ ወራት በማማ ላይ ያሳለፈ ነው። ያለ አሠልጣኝ የሠለጠነ ክንድ ይዞ መጥቶልኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ፀሐይ ስትበርድ ኳሷን ይዘን እንወጣ ነበር። ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ሕግ አነብለታለሁ፤ እርሱ ይወረውራል። አንድ ምሽት ኳሷን በብብቱ ይዞ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፣ «መምህር፣ በዚህ ነገር እንጀራ የሚበላ ሰው አለ ይባላል፤ እውነት ነው?» አለኝ።

«እውነት ነው፤ አንተም ትበላለህ» አልሁት።

ይህን ስናገር የማውቀው ነገር ቢኖር በአሮጌ መጽሔት ላይ ያየሁት የአንድ ረጅም ጥቁር ተጫዋች ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። ያ ሰው እዚያ ቦታ ላይ እንዴት እንደ ደረሰ፣ ማን ምን እንዳደረገለት፣ ስንቱ ጀምሮ ስንቱ እንደ ቀረ አላውቅም ነበር። መልካም ቃል መስጠት ለመምህር ምንም የማያስከፍል ይመስለዋል።

በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ለትምህርት ቤቶች ውድድር ወደ ወልድያ ይዤው ሄድሁ። ሜዳው ሲሚንቶ ነው፤ ቀለበቱም እውነተኛ ቀለበት ነው። ልጄ ኳሱን ተቀበለ፤ በለመደው መንገድ ወረወረ። ኳሱ ከቀለበቱ በታች አለፈ። ደግሞ ወረወረ፤ የቀለበቱን ከንፈር መትቶ ተመለሰ። በዚያ ቀን ስንት ጊዜ እንደ ወረወረ አልቈጠርሁም፤ የገባለት ግን አንድ ብቻ ነው። ተመልካቹ መጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ መሳቁንም ተወው። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ ያየኝን አስተያየት አሁንም አልረሳሁትም። ቁጣ አልነበረበትም፤ ክንዱ ለምን እንደ ከዳው ከእኔ መልስ የሚጠብቅ አስተያየት ነበር።

ጎብዬ እንደ ተመለስን ከልብስ ሰፊ ሜትር ተውሼ ምሰሶው ላይ ወጣሁ። የእኛ ቀለበት 2 ሜትር ከ60 ሳንቲም ነበር። የዓለሙ ቀለበት 3 ሜትር ከ05 ነው።

የዚህ ቁጥር ምንጭ እንኳ ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ያወቅሁት ኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ ካናዳ የተወለደ መምህር፣ በክረምት ቤት ለሚውሉ ተማሪዎቹ አዲስ ጨዋታ ሲፈጥር፣ ሁለት የኮክ ፍሬ ቅርጫቶችን በአዳራሹ ሰገነት ላይ በምስማር አስመታ። ሰገነቱ ከወለሉ 10 ጫማ ይርቅ ነበር። ያ የአንድ አዳራሽ ሰገነት ቁመት የዓለም ሁሉ ልክ ሆነ። ኔይስሚዝም እንደ እኔ መምህር ነበር፤ እርሱም እንደ እኔ ያገኘውን ዕቃ ባገኘው ቦታ ላይ ሰቀለ። ልዩነቱ ግን እርሱ ጨዋታውን የፈጠረ ስለ ሆነ የሰቀለበት ቦታ ልክ ይሆናል፤ እኔ ግን ለሌላ ሜዳ የሚሄድ ልጅ ይዤ ነበርና መለካት ነበረብኝ።

ቀለበቱን በማግስቱ ከፍ አደረግሁት። ልጁ ግን አልመጣም። የዐሥራ አንደኛ ክፍል ትምህርቱንም ሳይጨርስ እንደ ብዙ የራያና የወሎ ወጣቶች በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ፣ የመንን አቋርጦ ሳዑዲ ዓረቢያ ገባ።

አባቱን ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ጥፋቴን ልናዘዝላቸው ፈልጌ ስለ ቀለበቱ ነገርኋቸው። ዱላቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና እንዲህ አሉ፦ «መምህር፣ እርስዎ ስለ አርባ አምስት ሳንቲም ያዝናሉ። እኛ እዚህ የምንኖረው በጎርፍ ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ውኃው እኛ ዘንድ ይወርዳል። ቦይ ቀድሞ የማሰ ሰው ጠልፎ ማሳውን ያጠጣል፤ ያላማሰ ውኃው በፊቱ አልፎ አፋር አሸዋ ውስጥ ሲገባ ቆሞ ያያል። ልጁ ጎርፍ ነበር፤ ቦይ አልነበረንም። አላህ ይጠብቀው እንጂ ምን እንላለን!»

የሽማግሌውን ቃል ብዙ ዓመት ይዤው ኖሬአለሁ። ትርጉሙ ይበልጥ የገባኝ ግን ሌላ ልጅ በመጣ ጊዜ ነው።

ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ማለቂያ ወደ ራያ ቆላ ከደረሰ በኋላ ትምህርት ተቋርጦ፣ ሕዝቡም ተበትኖ እንደ ነበር አንባቢ ያውቃል። ትምህርት ከተመለሰ በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ አንድ ቀጭን ረጅም ተማሪ ስልኩን ይዞ ቢሮዬ ገባ። በስልኩ ላይ የሚታየው በዚያ ዓመት ግንቦት ወር በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ የተደረገው የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ ነበር። የግብፁ አል አህሊ የሴኔጋሉን ኤ.ኤስ. ዱዋንን 80 ለ65 ሲያሸንፍ፣ ዋንጫውን ከያዙት መካከል ልጁ አንዱን በጣቱ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእኛ አገር ሰው ነው! የዓመቱ ኮከብ የተባለው እርሱ ነው» አለኝ።

ሰውዬው ኑኒ ኦሞት ነው። ስሙ ራሱ ከጋምቤላ፣ ከአኙዋክ ምድር የሚሰማ ስም ነው። ልጁ ያንኑ የቆየ ጥያቄ ሊጠይቀኝ እንደ ሆነ ስለ ገባኝ፣ ከመጠየቁ በፊት «ነገ ተመልሰህ ና» አልሁት። ዳግመኛ ያልለካሁትን ነገር መናገር አልፈለግሁም። በዚያ ሌሊት ስለዚህ ሰው የሚገኘውን ሁሉ አነበብሁ፤ ከዚያም ወዲህ መንገዱን ስከታተል ቆይቻለሁ።

ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ናቸው። እርሱ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1994 በስደት አገር፣ በኬንያ ናይሮቢ ነው። በልጅነቱ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ሚኒሶታ ተሻገረ፤ እዚያም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጸመ። ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አልጠሩትም። ስለዚህ መጀመሪያ ኮንኮርዲያ በተባለ አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በአዮዋ ግዛት በሚገኘው ኢንዲያን ሂልስ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተማረ። ከዚያ በኋላ ነው ቴክሳስ ያለው ስመ ጥሩው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ የተቀበለው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዩኒቨርሲቲውን ሲለቅ፣ የአሜሪካው ታላቅ ሊግ አዳዲስ ተጫዋቾች በሚመርጥበት ሥነ ሥርዓት ላይ ስሙ አልተጠራም። በአሜሪካ የልማት ሊግና በተለያዩ አገሮች ክለቦች እየተዘዋወረ እንጀራውን ፈለገ። በ2023 በኪጋሊ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በዚያው ዓመት የደቡብ ሱዳንን መለያ ለብሶ በዓለም ዋንጫ፣ በ2024 ደግሞ በፓሪስ ኦሊምፒክ ተሰለፈ።

የደቡብ ሱዳን ነገር ራሱ ትምህርት አለው። ነጻነቷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በቀድሞው የአሜሪካ ሊግ ተጫዋች በሉዎል ዴንግ መሪነት፣ በየአገሩ በስደት ያደጉትን ልጆቿን አሰባስባ በ2024 ለኦሊምፒክ በቃች። ከውድድሩ በፊት ለንደን ላይ በተደረገ የዝግጅት ጨዋታ አሜሪካን አስጨንቃ 101 ለ100 ብቻ ተሸነፈች፤ ፓሪስ ላይ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 አሸነፈች። ጎረቤታችን በዓለም ዙሪያ የተበተነውን ጎርፍ ቦይ ማሰችለት።

በማግስቱ ልጁ ሲመጣ ሌላም ቁጥር አዘጋጅቼ ነበር። በዚያ በታላቁ የአሜሪካ ሊግ 30 ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዱ በመደበኛ ውል የሚይዘው 15 ተጫዋች ነው። ለዓለም ሁሉ ረጃጅም ልጆች የተዘጋጀው ወንበር 450 ነው ማለት ነው። በየዓመቱም በምርጫው የሚጠሩት ከ60 አይበልጡም። ኑኒ ኦሞት ያን ያህል ችሎታ ይዞ ከእነዚህ ውስጥ አልተቈጠረም። ናይጄሪያዊው ሀኪም ኦላጁዎን እ.ኤ.አ. በ1984 የምርጫው አንደኛ ሆኖ ተጠርቷል፤ በ1994ና በ1995ም ቡድኑን ሂዩስተንን ለዋንጫ አብቅቷል። ሌጎስ በልጅነቱ የእጅ ኳስና የእግር ኳስ ይጫወት የነበረ፣ ቅርጫት ኳስን ዘግይቶ የጀመረ ሰው ነው። «ታዲያ እኔስ?» ለሚል ልጅ ይህ ታሪክ ተስፋ ይሰጣል፤ ነገር ግን ኦላጁዎንም ቢሆን ወደ ሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ የተሻገረበት ድልድይ ነበረው። ከሌጎስ ሜዳ በቀጥታ ወደ ዋንጫ የዘለለ ሰው የለም።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። የተሰጥኦን ታሪክ ስንጽፍም ሆነ ስንተርክ ብዙ ጊዜ ስለ ባለ ተሰጥኦው ብቻ እንናገራለን፤ የወጣበትን ደረጃ ማን እንደ ሠራው አንጠይቅም። በሩጫ የምንኮራባት በቆጂ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን ያወጣችው አየሯ ቀጭን ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ቀጭን አየርማ በላስታም በስሜንም አለ። በበቆጂ ግን ስንታየሁ እሸቱ የተባለ የስፖርት መምህር ነበር። ከእርሱ እጅ የወጡትን ደግሞ በደመወዝ የሚቀበሉ የባንክ፣ የመከላከያ፣ የፖሊስና የማረሚያ ቤቶች ክለቦች ነበሩ። አንድ የገበሬ ልጅ «ከዚህ ቀጥሎ ወዴት?» ሲል መልስ ያገኝ ነበር።

በኪነ ጥበብም እንዲሁ ነው። ወሎ ዜማ ያላነሰው አገር መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን የማሪቱ ለገሠ ድምፅ ከወሎ አልፎ በመላው አገር እንዲሰማ የላሊበላ የኪነት ቡድን የሚባል መድረክ መኖር ነበረበት። ልምምድ የሚደረግበት አዳራሽ፣ የሚያርም ባለሙያ፣ የሚጓዙበት መኪና፣ የወር ደመወዝ፣ እነዚህ ሁሉ ግጥም አይጻፍላቸውም፤ ያለ እነርሱ ግን ድምፁ በሠርግ ቤት ተሰምቶ በሠርግ ቤት ይቀር ነበር።

ወደ ልጁ ልመለስ። ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥንና የኑኒ ኦሞትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ቈጠርሁለት፤ የተጠራበትንም ያልተጠራበትንም።

«ጋሼ፣ ታዲያ እኔ እችላለሁ ወይስ አልችልም?» አለኝ።

«በዚህ ኳስ እንጀራ የሚበላ ሰው አለ። አንተ ትበላለህ ብዬ ግን አልነግርህም፤ አላውቅምና» አልሁት። «የማውቀውን ልንገርህ። ይህ ሰው ሦስት ቦታ የገባው በኳስ ብቻ አይደለም፤ ሦስቱም ትምህርት ቤቶች ናቸው። ደብተርህን ጥለህ ኳሷን ብቻ ብትይዝ፣ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ትወድቃለህ። ቀጥሎ ወረዳ አለ፤ ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል፣ ከክልል በአገር ደረጃ የሚወዳደሩ ክለቦች አሉ። ከእነዚህ መካከል የተሰበረ ደረጃ ሞልቷል። የአንዱን መጠገን የእኔ ሥራ ነው፤ መውጣቱ ያንተ ነው።»

ዝም ብሎ ቆየ። ቅር ያለው መሰለኝ። ያ የፊተኛው ልጅ «አንተም ትበላለህ» ስለው ፊቱ እንዴት በርቶ እንደ ነበር አስታወስሁና እኔም ከፋኝ። እውነትን መናገር ያን ያህል የሚያስደስት ሥራ አለመሆኑን ያን ቀን አየሁ።

በሦስተኛው ቀን ግን ልጁ መጣ፤ ብቻውንም አልነበረም። ከኋላው ሜትርና መጋዝ የያዘ አንድ ጎልማሳ ይከተለዋል። ጎልማሳው «አገዳው» ነበር።

እርሱ እ.ኤ.አ. በ2013 ማብቂያና በ2014 መጀመሪያ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን በመለሰችበት ጊዜ፣ ባዶ እጁን ወደ አገሩ ገብቶ ነበር። ዛሬ በጉድጓድ ውኃ መስኖ ሽንኩርት ያለማል፤ ልጆች ወልዷል። በመንገድ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን እንጂ ስለ ኳስ አንሥተን አናውቅም ነበር። ረጅሙ ተማሪ የእኅቱ ልጅ ኖሯል፤ እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

«መምህር» አለኝ፣ «ይህ ልጅ የነገሩትን ሁሉ ነገረኝ። ቀለበቱን እንለካው ብዬ ነው የመጣሁ።»

«ከፍ አድርጌዋለሁኮ፤ አንተ ከሄድህ ወዲህ» አልሁት።

«ያን ጊዜ ከፍ አድርገውታል፤ ምሰሶው ግን የባሕር ዛፍ ነው። ምስጥ በልቶት ስንት ጊዜ ተቈርጦ ተተክሏል? ይለካ።»

ተለካ። 2 ሜትር ከ90 ሆኖ ተገኘ። እኔ ተስተካክሏል ብዬ ለዓመታት ዓይኔን ያነሣሁበት ቀለበት ዐሥራ አምስት ሳንቲም ጎድሎ ኖሯል። አንድ ጊዜ የተለካ ነገር ለሁልጊዜ የተለካ አይደለም።

ከፓምፕ ቤቱ የተረፈ የብረት ቱቦ ይዞ መጥቶ ነበርና እግሩን በሲሚንቶ አቆምነው። ቀለበቱን 3 ሜትር ከ05 ላይ ብየዳ ሠሪው በየደው። ሲሚንቶው እስኪደርቅ ሦስት ቀን ጠበቅን። በአራተኛው ቀን ማታ የእኅቱ ልጅ ወረወረ፤ ከዐሥሩ ሁለቱ ገቡለት። አጎትየው ኳሷን ተቀብሎ ጥቂት አገላበጣት። ሊወረውር ነው ብዬ ጠበቅሁ። አልወረወረም፤ ለልጁ መልሶ ሰጠውና «ሁለት መልካም ነው፤ ይህኛው ልኩ ነው» አለው።

ልጁ ኦሞት የደረሰበት ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ጎብዬ ያለችው በቀለበት ቁጥር ሳይሆን በማሽላ ዝናብ የምትኖር ከተማ ሆና ነው፤ ከዚህ እስከ ክለብ ደጃፍ ያለውም መንገድ ብዙ ደረጃ የጎደለው ነው። ነገር ግን በዚህ ሜዳ ላይ የሚወረውር ልጅ ነገ ወልድያም ቢሄድ፣ አዲስ አበባም ቢሄድ፣ ኪጋሊም ቢደርስ፣ ክንዱ የለመደውን ቁመት እዚያ ያገኘዋል። በየወሩ መጀመሪያ ላይ ሜትር ይዤ እወጣለሁ።